አዲስ የቲቢ መድኃኒት ሲፈለግ ኢንዛይሙ ይቅደም ወይስ ባክቴሪያውን የሚገድለው ውህድ?

የክርክሩ ጭብጥ፦ አዲስ የቲቢ መድኃኒት ፍለጋ መነሻ ማድረግ ያለበት የባክቴሪያውን የሜታቦሊዝም ኢንዛይሞች፣ ማለትም ምግቡን ወደ ኃይልና ወደ አካሉ መገንቢያ የሚለውጡለትን ፕሮቲኖች ነው።

ደጋፊ፦ የቲቢ ሕክምና ወራት የሚፈጀው በሳንባ ውስጥ ካሉት ባክቴሪያዎች ከፊሎቹ መራባት አቁመው፣ ለሚራባ ሕዋስ የተሠራውን መድኃኒት ስለሚቋቋሙ ነው። ይሁንና የማይራባውም ባክቴሪያ ይመገባል፤ ኃይልም ያመነጫል። በሰውነት ውስጥ በአብዛኛው የሚመገበው የስብ አሲድና ኮሌስትሮል ሲሆን፣ ከስብ አሲድ የሚያገኘውን ካርቦን ሳያባክን ለመጠቀም አይሶሲትሬት ላይዬዝ የተባለ ኢንዛይም ያስፈልገዋል። የዚህ ኢንዛይም ሁለቱም ዓይነቶች እንዲጠፉበት የተደረገ ባክቴሪያ በአይጥ ሳንባ ውስጥ ማደግ እንደተሳነው በ2005 ታይቷል። ኢንዛይሙ በሰው ሕዋስ ውስጥ የለም። ከዚህ የተሻለ ዒላማ ከየት ይመጣል?

ተቃዋሚ፦ የጠቀሱት ውጤት እውነት ነው፤ ነገር ግን ጂን ማጥፋትና ኢንዛይምን በመድኃኒት ማገድ ለየቅል ናቸው። የአይሶሲትሬት ላይዬዝ የሥራ ቦታ ጠባብና ውኃ ወዳድ በመሆኑ፣ የባክቴሪያውን ሰም የበዛበት ግድግዳ ማለፍ የሚችሉ ሞለኪውሎች በቀላሉ አይገጥሙበትም። ኢንዛይሙን የሚያግደው ናይትሮፕሮፒዮኔት ደግሞ የሰውን ሚቶኮንድሪያም፣ ማለትም የሕዋሳችንን ኃይል ማመንጫ፣ ይመርዛል። በሽተኞችን ያዳኑት መድኃኒቶች የመጡት በሌላ መንገድ፣ ባክቴሪያውን የሚገድለውን ውህድ አስቀድሞ በመፈለግ ነው። የቲቢ መድኃኒቱ አይሶናያዚድ ሥራ ላይ የዋለው በ1952 ሲሆን፣ ዒላማው፣ ማለትም የግድግዳውን ሰም ማይኮሊክ አሲድን የሚያመርተው ኢንዛይም፣ የታወቀው በ1994 ነው። ሌላው የቲቢ መድኃኒት ቤዳኩዊሊንም የተመረጠው ባክቴሪያ ስለገደለ ነው፤ ዒላማው የተለየው ከዚያ በኋላ፣ መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች ጂኖም ሲነበብ ነበር።

ደጋፊ፦ የቤዳኩዊሊን ዒላማ ግን ኤቲፒ ሲንቴዝ፣ ማለትም የኃይል ማምረቻው ኢንዛይም ነው፤ የማይራቡትንም የሚገድለው በዚሁ ምክንያት ነው። እርስዎ የሚያምኑት የሳህን ምርመራ፣ ማለትም ውህዶችን በቤተ ሙከራ መኖ ላይ ባደገ ባክቴሪያ መሞከር፣ ደግሞ አሳስቶ ያውቃል። ግሊሰሮል ባለበት መኖ ላይ ባክቴሪያውን አጥብቀው ይገድሉ የነበሩ ውህዶች በአይጥ ላይ እንዳልሠሩ በ2010 ተዘግቧል፤ ግሊሰሮል በአይጥ ሳንባ ውስጥ የባክቴሪያው ዋና ምግብ አይደለምና።

ተቃዋሚ፦ ያ መኖው ይለወጥ ያሰኛል እንጂ ኢንዛይም ይመረጥ አያሰኝም። ኮሌስትሮል፣ አሲድና የኦክስጅን እጥረት ባለበት ሁኔታ እናጣራ። አንድ ኢንዛይም መርጦ መምታት እንደማይበቃ ቴላሴቤክ የተባለው ውህድ አሳይቶናል፦ ሳይቶክሮም ቢሲ1 የተባለውን የመተንፈሻ ኢንዛይም ሲያግድ ባክቴሪያው በሌላው የመተንፈሻ ኢንዛይም፣ በሳይቶክሮም ቢዲ፣ መተንፈሱን ይቀጥላል።

ደጋፊ፦ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ሳይቶክሮም ቢዲ የሌለው ባክቴሪያ በቴላሴቤክ በፍጥነት እንደሚሞት በሙከራ ታውቋል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድነት ማገድ ያስፈልጋል። ነገር ግን ቢዲን ብቻ የሚያግድ ውህድ ባክቴሪያውን ለብቻው ስለማይገድል፣ «የገደለውን ብቻ እንምረጥ» የሚለው ማጣሪያዎ በመጀመሪያው ቀን ይጥለዋል። የምንፈልገውን ኢንዛይም አስቀድመን ካላወቅን ያንን ውህድ ከተጣሉት መካከል ማን ያነሣዋል?