ገበያው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም

አከራዬ ቡና ሲጠሩኝ መጀመሪያ የምዳብሰው ኪሴን ነው።

ሰሞኑን ጠሩኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ፈንዲሻው ቀርቧል፣ ዕጣኑ ቤቱን ሞልቶታል። በዓል የለም፣ ስለት የለም። ደስ የሚል ነገር እንዳልሆነ በሩ ላይ ነው የገባኝ። አቦሉን በሰላም ጠጣን። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ጤፍን ረገምን። ቶናው ላይ የጎረቤት ወሬ ተጀመረ። በረካውን ሲያቀብሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔ የምልህ ልጄ፣ እነዚህ ከጎናችን ያሉት ያቺን የጓሮ ክፍል ስንት እንዳከራዩዋት ሰማህ?"

"አልሰማሁም እትዬ።"

"ተወኝ እስቲ! እኔስ ጉድ ነው ያልኩት።"

ዋጋውን ነገሩኝ። ከዚያ ዝም። ሲኒውን ያገላብጣሉ፣ ከሰሉን ይቆሰቁሳሉ፣ እኔን ግን አያዩኝም። ዝምታው ሲበቃቸው፣ "እኔማ አንተን እንደ ልጄ ስለማይህ ምንም አላልኩም። ግን ገበያው ነው እንግዲህ፣ እኔ አይደለሁም" አሉኝ።

ሐዋሳ ውስጥ "ኪራይ ጨምሬብሃለሁ" ብሎ ዓይኔን እያየ የነገረኝ አከራይ የለም። የሚጨምረው ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው። ገበያው ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ጊዜው ነው። ይሄ ገበያ የሚባል ሰውዬ ማነው ብዬ ጎረቤት ያለውን ተከራይ ጠየቅሁት። ውሃ ስንቀዳ የምንገናኝ ልጅ ነው። እሱንም ባለፈው አከራዮቹ ቡና ጠርተውታል። "እዚያ ግቢ ያለው ልጅ ስንት እንደሚከፍል ሰማህ?" ብለውታል። እዚያ ግቢ ያለው ልጅ እኔ ነኝ። የተነገረው ዋጋ ደግሞ እኔ ገና ያልተጠየቅሁት ነው። የእኛ እትዬ ከእነሱ ሰሙ፣ እነሱ ከእትዬ ሰሙ። እኛ ሁለታችን ጀሪካን ይዘን ቆመናል።

ጭማሪው መቼም ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ጨመረ። ሰው መጣ ተባለ። መምጣቱስ እውነት ነው። ከየገጠሩ ወጣት ሴቶች ጎረፉ። የስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በዚያ ሰሞን 750 ብር ገደማ ነበር። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ አልተወሰነም። ኪራዩ ግን በየቡናው ይወሰናል። በዚያች ብር ብቻዋን ክፍል የምትይዝ ስለሌለች አራትም አምስትም ሆነው አንድ ክፍል ይገቡ ጀመር። ፍራሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ልብስ ገመድ ላይ፣ የከሰል ምድጃ በር ላይ። ጓሮ ያለው ሁሉ ጎመኑን እየነቀለ ክፍል ደረደረ።

በታኅሣሥ 2014 አሜሪካ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ አስወጣችን። ፋብሪካው ተቀዛቀዘ፣ ብዙ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ተመለሱ። አሁን እንኳ ክፍሉ ባዶ ስለሚያድር ይቀንሳል ብለን ስንጠብቅ፣ ቡና ተጠራን። ኑሮው ተወዷል፣ አከራይም ይበላል።

በነሐሴ 2015 የደቡብ ክልል የሚባለው አበቃና መሥሪያ ቤቶቹ ወደ ሶዶው፣ ወደ አርባ ምንጩ፣ ወደ ሆሳዕናው ተበተኑ። የመንግሥት ሠራተኛው ቁም ሣጥኑን አይሱዙ ላይ እየጫነ ሄደ። እንደገና ቡና። "ከተማው እኮ አሁን የሲዳማ ብቻ ዋና ከተማ ሆነ፣ ገና ያድጋል።" ሰው ሲመጣ ይጨምራል፣ ሰው ሲሄድ ይጨምራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል ደግሞ የእኛ ጭቃ ቤት በዶላር መተመን ጀመረ። "ዶላሩን አላየህም?" አሉኝ እትዬ። ዶላሩን አይቻለሁ። ግን የዚህ ቤት ግድግዳ ጭድና አፈር ነው። ጭዱ በመርከብ አልመጣም። ግድግዳው ሲለሰን ደግሞ እኔ ራሴ አልተወለድኩም።

አንድ ጊዜ ብቻ ዐርፌያለሁ፣ ኮሮና ጊዜ። በመጋቢት መጨረሻ 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና ተከራይ ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ተከለከለ። መሰብሰብም አብሮ ስለተከለከለ ቡናው ራሱ ቀረ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ተረጋግቼ ተኝቼ አላውቅም። አምስት ወሩ አለቀ። አዲስ ዓመት ገባ። ቄጠማ ሸተተኝ።

አዲስ ዓመት ካልን አይቀር፣ "የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ" የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። ሁሉም ሰው በደስታ ነው የሚለው። እኔ ግን የማስበው ስለ ጎመን ምንቸቷ ነው። ምን አጠፋች? ክረምቱን ሙሉ፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት ወር፣ ቤተሰቡን ያቆየችው እሷ ናት። ጥላሸት ጠጥታ፣ ጭስ በልታ፣ ለነሐሴ የደረሰች እሷ። መስከረም ሲጠባ "ውጪ"! ገንፎዋ ገና ምን እንደምትሠራ ሳይታወቅ "ግቢ"! ይህን ተረት የተረተው ሰው ቤት አከራይ ይመስለኛል።

አንድ ጓደኛዬ እንዲሁ ነው የወጣው። ማለፊያ ተከራይ ነው፣ አያመሽም፣ ሙዚቃ አይከፍትም፣ በቀኑ ይከፍላል። "ልጃችን ሊያገባ ስለሆነ ክፍሉን ፈልገነዋል" ተባለ። እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ፣ መርቆ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ "የሚከራይ ቤት" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ቁጥሩ የሙሽራው ነው። ሙሽራው እስከ ዛሬ ላጤ ነው።

ደላላውን አላነሳም። ካነሳሁት አላባራም። ቤት ለማሳየት ብቻ ገንዘብ የሚቀበል፣ የባጃጁን እኔ የምከፍልለት፣ "ሰፊ ነው ብሮ" ብሎ ወስዶኝ አልጋ ከገባ በሩ የማይዘጋ ክፍል ያሳየኝ ሰው ነው። ይኸው፣ አነሳሁት።

የድሮ አከራዬን ግን ሳላነሳ አላልፍም። እሱ ያደረገኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። ቆጣሪው የጋራ ነበር። የመብራት ሒሳብ በሰው ቁጥር ይካፈላል ተባለ። ጥሩ። እሱ ቤት ፍሪጅ አለ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፣ ልብስ ማጠቢያ አለ፣ ቀን ከሌት የማይጠፋ ቴሌቪዥን አለ። እኔ ጋ አንድ አምፖልና አንድ የስልክ ቻርጀር። ወንዶች ልጆቹ "ተማሪ ናቸው" ተብለው አይቆጠሩም። ተማሪ ካውያ አይሰካም? ተማሪ ጨለማ ውስጥ ነው የሚያጠናው? የእኔ እህት ግን ለፈተና መጥታ ጥቂት ቀን ብታድር እንደ ሙሉ ሰው ተቆጠረች። እሷም ተማሪ ናት እኮ! ብናገር "ካልተመቸህ ከተማው ሰፊ ነው" አለኝ። ስወጣ ደግሞ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁትን አምፖል ስፈታ እጄን ያዘኝ። "ቤቱን የተከራየኸው ከነአምፖሉ ነው።" ስከራየው እኮ ገመዱ ብቻ ነበር የተንጠለጠለው። ይሄ ቀልድ አይደለም። ሌብነት ነው። ሰው በአምፖል ይሰርቃል?

ሕግ የለም እንዳልል ሕግ አለ። መጋቢት 24 ቀን 2016 ምክር ቤቱ ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል። ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ አይጠየቅ ይላል። ክፍያው በባንክ ይሁን ይላል። ሳነበው እንባዬ መጣ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዋጁ ሻሸመኔ ላይ ቡና ተጠርቶ ቀረ መሰለኝ።

ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። እትዬ የገብርኤል ወዳጅ ናቸው፣ ሐምሌ 19ን ፒያሳ ገብርኤል ሳይሳለሙ አይውሉም። ደርግ ትርፍ ቤትን የወረሰው በዚያችው ዕለት ነው፣ በ1967። የዝቅተኛ ቤቶች ኪራይም በአዋጅ ተቀነሰ። ያኔ "እነ እንትና ስንት አከራዩ" የሚል አልነበረም፣ እነ እንትና ራሳቸው ተከራይ ሆነው ነበርና። ያ ይመለስ እያልኩ አይደለም። ሰው ለፍቶ የሠራውን መንጠቅ ግፍ ነው፣ የቀበሌ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ማን ያድሰው የሚለውም ይኸው ሃምሳ ዓመት አለፈው። እትዬን ግን በዓሉ ዕለት ባስታውሳቸው ምን ይሉ ይሆን እላለሁ። አልሞክረውም። ቤት የለኝም።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ጭማሪው። እሺ አልኩ፣ ምን ላድርግ።

"በባንክ ላስገባ እትዬ?"

"ኧረ ልጄ! በእጅ ስጠኝ፣ ባንክ ከገባ ገቢዎች ያየዋል።"

"ውል እንጻፍ እንግዲያው።"

"እኔና አንተ? ወረቀት? ምን አጣላን!"

እንግዲህ ከፋሲካ ጀምሮ የሚያፈሰውን ሮቶ በጭማሪው ያሠሩልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። እሱ የእሳቸው እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሮቶውን ያስተከለችው ልጃቸው ናት፣ ሪያድ ነው ያለችው፣ የዕቃ ነገር የሚነገረው ለእሷ ነው። ስልኳን ሰጡኝ። ማታ በኢሞ ደወልኩላት። የሰው ቤት ሥራዋን ጨርሳ ደክሟታል፣ ግን በትሕትና አዳመጠችኝ።

"ወንድሜ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ምን አውቃለሁ? እማዬን አናግራት" አለች። ልዘጋው ስል አስቆመችኝ። "ቆይ ግን፣ አሁን ሐዋሳ ክፍል ስንት ገባ?"