ሁሉም መርፌ ለሁሉም ውሻ አይደለም

ጀርመን ሼፐርዱ የክትባት ካርድ አለው። በር ላይ የሚያድረው የአበሻ ውሻ የለውም። ሁለቱም የአንድ ቤት ውሾች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ግቢ ብዙ ነው፤ ለአንዱ በየዓመቱ ያለው መርፌ ሁሉ ይወጋል፣ ሌላው ዞር ብሎ የሚያየው የለም። በእኔ እምነት ለአንዱ በዝቷል፣ ለሌላው ጎድሏል።

ከእብድ ውሻ በሽታ እንጀምር። እዚህ ላይ ድርድር የለም። ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ ሰውም ሆነ እንስሳ ይድናል ማለት ዘበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገምታል። 99 በመቶው ወደ ሰው የሚመጣው ከውሻ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ልጁ ሲነከስ ጉለሌ ወደሚገኘው «ፓስተር» ሲሮጥ ኖሯል። በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን የድሮውን መርፌ የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። ያንን ሁሉ ጣጣ የሚያስቀረው ለውሻው የሚሰጥ አንድ መርፌ ነው። ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየ3 ዓመቱ ይሰጣል። ድመትም ያው ናት። ሌሊት አጥር ዘላ የት እንደምታድር ማን ያውቃል?

ደግሞ የእኔን ውሻ ብቻ ማስከተብ አይበቃም። በሽታው ከአንድ አካባቢ እንዲጠፋ ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ መከተብ አለባቸው። ያ ቁጥር የሚሞላው በሼፐርድና በፑድል አይደለም። የሚሞላው በዘበኛው ውሻና በሰፈሩ ውሻ ነው።

ሁለተኛው የቡችላ ነገር ነው። ፓርቮ (አንጀት የሚያጠቃው)፣ ዲስቴምፐር (መተንፈሻና ነርቭ የሚያጠቃው) እና ተላላፊው የጉበት በሽታ ለማንኛውም ውሻ የግድ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው። ብዙ ጊዜ በአንድ መርፌ ተጠቃለው ይሰጣሉ። ችግሩ ያለው እዚህ ነው፤ ሻጩ «የ45 ቀን ቡችላ፣ የተከተበ» ይላል፣ ገዢውም ክትባቱ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ቡችላው ከእናቱ እንገር ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ራሱን ያከሽፈዋል። ያ መከላከያ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። ለዚህ ነው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ልዩነት እየተደጋገመ፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው የሚሰጠው። መሀል ላይ የተቋረጠበት ቡችላ ነው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት ክሊኒክ የሚገባው። ቢሞት እንኳ የፓርቮ ቫይረስ ግቢው አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ወዲያው ሌላ ቡችላ አምጥቶ መተካት ጥሩ ሐሳብ አይደለም።

ሐኪሙ ሲከትብ ዝም ብላችሁ አትዩ። የብዙዎቹ ክትባቶች ጠርሙስ ውስጥ ያለው የደረቀ እንክብል መሰል ነገር ነው፤ ፈሳሹ የሚጨመርበት ሊወጋ ሲል ነው። ጠርሙሷ ላይ ያለችው ትንሽ ወረቀት ተልጣ ካርዱ ላይ ትለጠፋለች። የሚያበቃበት ቀን እሷ ላይ አለ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ መቀመጥ ያለበትን ክትባት ግማሽ ቀን በፌስታል ይዞ ዞሮ ቤት ውስጥ ራስ መውጋት ግን ገንዘብ መጣል ነው።

ዲስቴምፐር የፈረንጅ ውሻ በሽታ የሚመስለው ካለ የባሌ ተራሮችን ይጠይቅ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኞቹ እዚያ ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር አርግፏቸዋል። በሽታው የሚመጣባቸው ከብት ከሚጠብቁ ውሾች ነው። ተራራው ላይ የገበሬ ውሻ የሚከተበው ለዚህም ጭምር ነው።

የቀረው እንደ አኗኗሩ ነው። ሌፕቶስፓይሮሲስ በአይጥ ሽንት ይተላለፋል፤ አይጥና የታቆረ ውሃ ላለበት ግቢ ያስፈልጋል፣ እሱም በየዓመቱ ይደገማል። የሳል ክትባት ሌሎች ውሾች የሚያድሩበት ቦታ ለሚገባ ውሻ እንጂ ከግቢው ለማይወጣው ብዙም አይደለም። የውሻ ኮሮና የሚባለውን ክትባት የዓለም የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ አይመክረውም። ቤት ውስጥ የምትኖር ድመትም ብትሆን የአንጀት በሽታዋ ቫይረስ በጫማችን ስለሚገባ ለእሱ መከተብ አለባት። ውሻ ይዞ አውሮፓ ለመሄድ ያሰበ ደግሞ ወራት ቀድሞ ይነሳ፤ ማይክሮቺፕ፣ ክትባት፣ ከ30 ቀን በኋላ የደም ምርመራ፣ ከዚያም 3 ወር መጠበቅ አለ።

አሁን ወደሚያጨቃጭቀው ልምጣ። ፓርቮና ዲስቴምፐርን ላደገ ውሻ በየዓመቱ መድገም ለምን? ያው የማኅበሩ መመሪያ የቡችላነት ክትባቱን በሚገባ ለጨረሰ ውሻ ከ3 ዓመት በፊት አይደገም ይላል። የሌፕቶው ስለሚደገም ብቻ ሌሎቹም አብረው እንዲወጉ አያስገድድም፤ ለብቻው የሚሰጥ አለ። አንዳንድ ሐኪሞች፣ «ዓመታዊ መርፌ ባይኖር ባለቤቱ ውሻውን ይዞ አይመጣም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አንመጣም። እንግዲያው ለምርመራው ያስከፍሉን። ጥርሱን ይዩት፣ ልቡን ያዳምጡት፣ ኪሎውን ይመዝኑት። እኔ በደስታ እከፍላለሁ። መርፌውን ግን ቀኑ ሲደርስ።