ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

ስለ ሥነ ልቦና አስፈሪ ፊልሞች የጻፉ አንድ ጸሐፊ፣ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ልጇ የሞተባት እናት ሟቹን ማየት ስትጀምር አእምሮዋ ለመናወጡ በቂ ማስረጃ ነው ማለታቸው አላሳመነኝም። ዴዊ ሪስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት፣ በዌልስ የትዳር ጓደኛቸው ከሞተባቸው 293 ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ ሟቹ አብሯቸው እንዳለ የሚሰማቸው፣ የሚያዩት ወይም ድምፁን የሚሰሙ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ግን ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ራእዩ ሳይሆን ይህ ዝምታ ነው።

እንዲህ ያለ ፊልም ታሪኩ ፒያሳ ቢሆን ኖሮ፣ በለቅሶው ሰሞን ቤቱ በሰው ስለሚሞላ እናትዬው ብቻዋን የምትሆንበት ጊዜ አይኖርም (ፊልም ሠሪዎቻችን ይህን ለምን እንደሚዘሉት አይገባኝም)። ፍርሃቱ የሚጀምረው ሠልስት ወጥቶ፣ ድንኳኑ ተነሥቶ፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበሮች ተቆጥረው ከተመለሱ በኋላ፣ ለልጇ ምሳ አቅርባ “ቶሎ ብላ፣ ይቀዘቅዝብሃል” ስትል ጎረቤቷ ሰምታ እንዳልሰማች ስታልፍ ነው። ተመልካቹም እንደ ጎረቤቷ የሚይዘው የሚጨብጠው ሊያጣ ይገባል። መጨረሻ ላይ ሐኪም ገብቶ ሁሉንም የሚያብራራበት ትዕይንት ይህን ሁሉ ድካም ከንቱ ያደርገዋል።