ሊሊየንታልን በወደቀበት ቀን ብቻ አናስበው

የጀርመናዊው የበረራ አቅኚ የኦቶ ሊሊየንታል ስም ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚተረከው አሟሟቱ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1896 ከጎለንበርግ ኮረብታ ሞተር በሌለው መብረሪያው፣ በግላይደሩ ሲንሳፈፍ ሚዛኑን ስቶ ከ15 ሜትር ያህል ከፍታ ወደቀ፤ አከርካሪው ተሰብሮ ስለነበር በማግስቱ በርሊን ውስጥ በ48 ዓመቱ ዐረፈ። ይህ እውነት ነው። በዚህ ብቻ ሲታወስ ግን ነፍሱን ለጀብዱ የገበረ ሰው ይመስላል፤ እኔ ደግሞ ከድፍረቱ ይልቅ ጥንቃቄው ይበልጥ ነበር ባይ ነኝ።

ሊሊየንታል በተወለደባት በአንክላም ከወንድሙ ከጉስታቭ ጋር የሽመላዎችን አበራረር እየተመለከተ አደገ። መሐንዲስ ከሆነ በኋላም ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸውን ክንፎች በሚሽከረከር ዘንግ ጫፍ ላይ እያሰረ፣ አየሩ እያንዳንዱን በምን ያህል ኃይል እንደሚያነሳው ለዓመታት ለካ፤ ጎበጥ ያለው ክንፍ ከዝርጉ እንደሚበልጥም በቁጥር አስደግፎ በ1889 በመጽሐፍ አሳተመ። ደርዊትስ በተባለ መንደር አጠገብ 25 ሜትር ያህል የተንሳፈፈው ከዚያ በኋላ፣ በ1891 ነው።

ግላይደሩ ከአኻያ እንጨት ተሠርቶ ጥጥ ጨርቅ የለበሰ ነበር። በራሪው በክንዶቹ ተደግፎ ከወገቡ በታች ይንጠለጠላል፤ የግራው ክንፍ ከፍ ካለ እግሮቹን ወደ ግራ ወርውሮ በገዛ ክብደቱ ይመልሰዋል። የዚህ ዘዴ አቅም ውስን መሆኑ አይካድም፤ ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ የሰው ክብደት ብቻውን አይበቃም። ሊሊየንታል ግን ከነፋስ ጋር በዘፈቀደ አልተጋፈጠም። በ1894 ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ መንደርደር እንዲችል በርሊን አጠገብ 15 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ኮረብታ አሠራ። በ5 ዓመት ውስጥ 2,000 ያህል ጊዜ ተንሳፍፏል፤ ረጅሞቹ በረራዎቹ 250 ሜትር ደርሰዋል።

የአውሮፕላን ፈልሳፊዎቹን የራይት ወንድማማቾችን የበረራ ፍላጎት የቀሰቀሰው የሊሊየንታል የሞት ዜና ነበር፤ ሥራቸውን ያገዘው ግን የክንፍ ልኬቶቹን ያሳተመበት ሰንጠረዥ ነው። በ1901 ግላይደራቸው የጠበቁትን ያህል አልነሳ ሲላቸው ሰንጠረዡን ተጠራጠሩ። የነፋስ መፈተሻ ሳጥን ሠርተው ሲያጣሩ ግን ዋናው ስህተት የተገኘው ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው የአየር ግፊት ስሌት ላይ ነበር፤ የሊሊየንታል ልኬቶች በአመዛኙ ትክክል ሆነው ተገኙ።