ማጣሪያው 10ኛ ላይ ይሁን ወይስ 12ኛ ላይ?

በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 10ኛ ክፍል የመለያያ ቦታ ነበር። በብሔራዊ ፈተናው ነጥብ የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ማለትም ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ያልፋል፤ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ ይገባል። ያ ፈተና በ2012 ቀረ፤ ሁለተኛ ደረጃም ከ9ኛ እስከ 12ኛ አንድ ወጥ ሆነ። ለውጡ ወጣቱን ጠቀመው ወይስ ጎዳው? ኮምቦልቻ የምትኖር የብረታ ብረት ሥራ አሠልጣኝና ደሴ የሚያስተምር የሁለተኛ ደረጃ መምህር በጽሑፍ ተከራክረውበታል።

አሠልጣኟ፦ በጥቅምት 2015 ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው በተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ፈተናው መጥበቁን አልቃወምም፤ ኩረጃ ትውልድ ሲያበላሽ አይቻለሁ። የኔ ጥያቄ ስለ ቀሪዎቹ ነው። ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምረው እጃቸው አንድም ሥራ አያውቅም።

እኔ ዘንድ የሚመጡት እነዚህ ልጆች ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት የብየዳ መያዣ አላስጨብጣቸውም፤ አንገታቸውን ቀና ማድረግ ይቀድማል። አንድ ሠልጣኝ ነበረኝ፤ በየማለዳው ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ይመጣል። ቱታውን ሦስት ወር ሙሉ በቦርሳው ውስጥ፣ ከደብተር ሥር ደብቆ ይዞ ይመላለስ ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀው ዩኒቨርሲቲ የማካካሻ (ሪሜዲያል) ትምህርት እንደሚከታተል ነው። ያ ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቢመጣልኝ ኖሮ ዛሬ የራሱን የበርና መስኮት ሥራ ከፍቶ ባየሁት። ሁለት ዓመቱ ባከነ፤ ከሁለት ዓመቱ ይልቅ ደግሞ ልቡ መሰበሩ ያንገበግበኛል።

መምህሩ፦ እኅቴ፣ ያ ልጅ ቱታውን የደበቀው ወደ እርስዎ ዘግይቶ ስለመጣ አይመስለኝም። ሙያ የወደቀ ሰው መጣያ ነው ሲባል ሰምቶ ስላደገ ነው። ያንን ስም ያወጣለት ደግሞ እርስዎ የሚናፍቁት የ10ኛ ክፍል ማጣሪያ ነው። በዚያ ዘመን አስተምሬአለሁ። የቤት ሥራ ሳይሠራ የመጣውን ተማሪ «አርፈህ ካልተማርክ ቴክኒክ ነው የምትገባው!» እያልን እናስፈራራ ነበር። እኔም ብያለሁ፤ ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ደግሞስ በአሥራ ስድስት ዓመት የሚለየው ማን ነው? ከኩታበርና ከተንታ መጥተው በደሴ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት የሚከራዩትን ልጆች ያውቋቸዋል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ስንቅ ሊያመጡ አገር ቤት ይሄዳሉ፤ ሰኞ ደክሟቸው ክፍል ይገባሉ። በዚያ ዕድሜ የሚለካው የልጁ ችሎታ ሳይሆን የቤቱ ጓዳ ነው። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞቻችንን ሲያምስ፣ ትምህርት ቤቶቻችንም ሲዘረፉ 10ኛ ክፍል የነበሩት ተማሪዎቼ በአሮጌው ሥርዓት ቢሆን ኖሮ የዕድሜ ልክ መንገዳቸው የሚወሰነው በዚያው ዓመት ነበር። ተጨማሪዎቹ ሁለት ዓመታት ትንፋሽ ሰጧቸው።

ሙያውን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ማስገባት ይቻላል። ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሆነው የደሴው ወይዘሮ ስኂን አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ የቀለሙና የእጅ ሥራው ትምህርት በአንድ ግቢ ነበር። ታሪክ የሚያነበውና እንጨት የሚልገው ልጅ በአንድ ሰልፍ ባንዲራ ይሰቅሉ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ወዳቂ አይለውም።

አሠልጣኟ፦ ስለ ስሙ ያሉትን እቀበላለሁ። ስለ ግቢው ግን አልስማማም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርቶችን ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል አምጥቷል፤ መልካም ሐሳብ ነው። ወርክሾፑስ የት አለ? ብየዳ በጥቁር ሰሌዳ አይማሩትም። ሙያ ብቻ ለማስተማር በተቋቋመው በእኛ ቤት እንኳን ለሃያ አምስት ሠልጣኝ አንድ ቶርኖ፣ ማለትም የብረት መቅረጫ ማሽን ነው ያለን። የብየዳ ዘንጉ፣ ኤሌክትሮድ፣ ሲያልቅብን ቁርጥራጭ ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) ለቅመን መለካትና መቁረጥ ብቻ የምናስተምርባቸው ሳምንታት አሉ። ለእኛ ያልተረፈ በጀት ለእናንተ ከየት ይመጣል?

በመርሕ ደረጃ የትብብር ሥልጠና 70 በመቶው በሥራ ቦታ ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ናት፦ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቆዳው፣ ቢራው፣ ከ2009 ወዲህም የኢንዱስትሪ ፓርኩ። ሆኖም ከጦርነቱ ዝርፊያ በኋላ፣ አገሪቱም በ2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል ከተሰረዘች ወዲህ ሠልጣኝ ተቀበሉኝ ብሎ ደጅ መጥናት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ድርጅት ስድስት ልጆች ተቀብሎኝ ሁለት ወር ሙሉ ግቢ ሲያስጠርጋቸው ከረመ። ማሽኑን የነኩት ሊወጡ አራት ቀን ሲቀራቸው ነው። ከዚያ ሄደው ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን ይፈተናሉ።

መምህሩ፦ እንግዲያው እኅቴ፣ የራስዎ ቤት እንዲህ ባዶ ከሆነ የአሥራ ስድስት ዓመቱን ልጅ ከእኔ ወስደው ወዴት ሊያደርሱት ነው? እዚህ ቢያንስ ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን ይይዛል። የማሽን መመሪያ ማንበብ የማይችል ባለሙያ አሠሪው ማሽን ያስነካዋል?

አሠልጣኟ፦ ከባድ ጥያቄ ነው፤ አልሸሸውም። ሒሳብ የደከመው ሠልጣኝ የማዕዘን ዲግሪ ለክቶ ብረት መቁረጥ ያቅተዋል፤ በየቀኑ የማየው ነው። ነገር ግን ፈተናው ይመለስ አላልኩም። 10ኛን ሲጨርስ ወድዶ የሚመጣ ልጅ ይኑር፤ ሒሳቡም እዚያው ይከተለው፤ በኋላ ወደ ቀለም ልመለስ ቢል በሩ አይዘጋበት ነው የምለው።

መምህሩ፦ ወድዶ ማለት ምን ማለት ነው? የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተው ልጅ ነው «ወድዶ» የሚወጣው። የነጋዴው ልጅ እስከ 12ኛ ይቆያል፤ የገበሬው ልጅ ቱታ ይለብሳል። ስሙ ምርጫ ይባል እንጂ ያው ማጣሪያ ነው።

አሠልጣኟ፦ መምህር፣ የገበሬው ልጅ ዛሬም እኮ ኪራዩ ሲያቅተው ትምህርቱን አቋርጦ ይወጣል፤ ልዩነቱ ወደ ሙያ ሳይሆን ወደ ጅቡቲ የስደት መንገድ መሄዱ ነው። የእርስዎ ትምህርት ቤት አሥር የብየዳ ማሽንና በየወሩ የሚፈጅ ኤሌክትሮድ የሚገዛበት በጀት ያገኘ ዕለት፣ እስከ 12ኛ ይቆዩ ብዬ ከእርስዎ ጎን እቆማለሁ። እስከዚያው ግን በአሥራ ስድስት ዓመቷ በሬን አንኳክታ «መበየድ ልማር» የምትለኝን ልጅ ሁለት ዓመት ቆይተሽ ነይ አልላትም።