አምስት ኪሎ

ሰው አገሩን ሲጠየቅ ዝም ማለት ያለበት ወቅት አለ፤ ፋሲካ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው። እኔ ግን ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ "ሰሜን ሸዋ፣ ጣርማበር አካባቢ" የምትል ቃል አመለጠችኝ። ወሬው ማታውኑ አራተኛ ፎቅ ደረሰ። ጎረቤቴ እትዬ ነጠላቸውን እያጣፉ መጡና፣

"አምስት ኪሎ!" አሉኝ፤ የታክሲ ረዳት መሰሉኝ። "ለጋ ይሁን ልጄ። እዚያው ተነጥሮ ቢመጣማ እሰየው ነው። የናንተ አገር ቅቤ እንደሆነ እንደ ውሃ ነው አሉ።"

እንደ ውሃ ነው ያላቸውን ሰው ባገኘው!

ሸኖ ላይ አውቶብሱ ሲቆም ሻጮች በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤያቸውን ይዘው መስኮቱን ከበቡት። እውነቱን ልናገርና፣ አምስቱንም ኪሎ እዚያው ገዝቼ "የአክስቴ ነው" ልል ልቤ ከጅሎ ነበር። ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ግን ቅቤ አዋቂ ሆኖ ተገኘ። ጾም ነውና መቅመስ አይችልም፤ በእጁ ጀርባ አሸት አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተና እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ "ሙዝ አለበት" ሲል ፈረደ።

"ወንድሜ" አለችው ሻጯ፣ "በዚህ ብርድ ሙዝ ቢበቅልልኝ ቅቤ ምን ያሸጠኛል?"

እኔም ከጅሎ የነበረውን ልቤን ሰብስቤ መንገዴን ቀጠልኩ።

አክስቴ "አምስት ኪሎ" ስላት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ወደ ላሟ ዞራ "ሰማሽ?" አለቻት። የሀበሻ ላም ናት፤ ጥጃዋ ድርሻውን ጠብቶ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ብትሰጥ ነው። አንድ ኪሎ ቅቤ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሊትር ወተት ይፈልጋል። በጣቴ ቆጠርኩት፤ ላሟ ከዐቢይ ጾም መያዣ ጀምራ 55ቱንም ቀን ለእትዬ ብቻ ብትታለብ እንኳ መድረሷ ያጠራጥራል። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ሳይሆን አይቀርም።

"በል ና ናጥ" አለችኝ። በወይራ የታጠነው ቅል ውስጥ እርጎው አራት ቀን ሰንብቷል። ደጋ ነውና ብርዱ ቅቤውን አልለቅም ብሏል። ግማሽ ሰዓት ናጥኩ፤ ከላቤ በቀር የወጣ ነገር የለም። አክስቴ ለብ ያለ ውሃ ጠብ አደረገችበትና ቅሉን ተቀበለችኝ። እኔን ያንገላታኝ ቅል በእሷ እጅ ድምፁ ወዲያው ወፈረ። "ይኸው ተሰበሰበ" አለች፤ ከፍታም አላየችም። አሬራውን ጾም የማይዙት ልጆች ተሻሙት።

በመጨረሻ ከሰነበተው ጋር አንድ ኪሎ መዝና ሰጠችኝ።

"የቀረውስ?"

"ለገበያ ነው። ዘይቱን በምን ልግዛ?"

"ቅቤ እያለሽ ዘይት?"

"ቅቤውማ የናንተ የከተሞቹ ነው።"

ማንጠሩ የጆሮ ሥራ መሆኑን ያወቅሁት ያን ማታ ነው። ድስቱ በለስላሳ እሳት ላይ ተጣደ፤ አረፋው ተገፈፈ፤ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማውና የተቆላው አብሽ ገቡበት። ቤቱ እንደዚያ ሸቶ ሽሮ በልቶ መተኛት ራሱን የቻለ ሰማዕትነት ነው። አክስቴ በጾም አትቀምስም፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። "ሲንጫጫ ውሃ አለው፤ ዝም ሲል ደርሷል።" ዝም ሲል አወረደችው። አብሹ ዝቃጩን ይዞ ከሥር ተቀመጠ፤ ላይኛው እንደ ጠጅ ጠርቶ ተጠለለ።

ማሰሮዋን እንደ ሕፃን አቅፌ አዲስ አበባ ገባሁ። እትዬ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱ።

"ጭስ ጭስ አይልም?"

"የወይራ ነው፤ ቅሉ ታጥኖ።"

"እንጃ! የሱቁ እንኳ እንዲህ አይልም።" ይህን ብለው የወጥ ቤት ሚዛናቸውን አመጡ። በላስቲክ ገልብጠው መዘኑት፤ 800 ግራም።

"አንድ ኪሎ ነው ያልከኝ?"

"ሲነጠር እኮ ውሃው ይተናል፤ ዝቃጩም ይቀራል፤ ስለዚህ..."

እትዬ አልሰሙኝም። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ከሚዛኑ ተነሥቶ ሆዴ ላይ ዐረፈ። እዚያው ቆየ።

"በሰሙነ ሕማማት!" አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ማሰሮዋን ታቅፈው ወደ ደረጃው አመሩ። "ለንስሐ አባትህ ንገራቸው እንጂ፣ እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ።"