ይድረስ ለክቡር ብሬከር

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው የውስጥ መንገድ፣ ከሊስትሮዎቹ ፊት ለፊት

ጉዳዩ፦ ኮፓን (ከሞተር ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ይመለከታል

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። መኪናዬ ግን ከወገብ በታች ደህና አይደለችም።

በወረቀት ላይ "የፍጥነት መቀነሻ" እንደሚባሉ አውቃለሁ። ሰፈሩ ብሬከር ይልዎታል። እኔ ከትናንት ጀምሮ ሌላ ስም አውጥቼልዎታለሁ፤ እናቴ ይህን ስለምታነብ አልጽፈውም።

መጀመሪያ እንተዋወቅ። ትናንት በሆዷ የተኛችብዎት ቀይዋ፣ በርም ጣሪያም የሌላት፣ መብራቶቿ እንደ እንቁራሪት ዓይን ያፈጠጡት፣ እሷ የእኔ ናት። ባጃጅ አይደለችም። ይህን ለሊስትሮው ልጅ በቃል ነግሬዋለሁ፤ ለእርስዎ በጽሑፍ ይድረስዎ።

ዘሯ እንግሊዝ ነው። ሎተስ የተባለውን የመኪና ፋብሪካ የመሠረተው ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ሴቨን የምትባል መኪና አወጣ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሞተር ከማግዘፍ ክብደት መቀነስ። ብዙ ሰው ያልተገጠመች፣ በሳጥን ይገዛት ነበር። ራሱ ለሚገጥም ሰው በዘመኑ የግዢ ታክስ አልነበረበትማ። (እዚህ ቢሆን ለእያንዳንዱ ብሎን አንድ ዲክላራሲዮን ነበር።) እ.ኤ.አ. በ1973 መብቱ ካተርሃም ወደሚባል ኩባንያ ዞረ፤ ዛሬም እነሱ ይሠሯታል።

የእኔዋ ካተርሃም አይደለችም። ብረቷ ከመርካቶ፣ ላሜራዋ ከመርካቶ። ሞተሯ፣ ካምቢዮዋና ዲፈረንሻሏ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው) ጡረታ ከወጣ ቶዮታ ዲኤክስ ነው። ዲኤክስ የሚነዳው በኋላ ጎማው ስለሆነ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ሞተሩ 1,290 ሲሲ። የፈጀው የሁለት ዓመት ቅዳሜና እሁድ ነው። ሚስቴ ስትቆጥረው ሦስት ነው።

ያለፉትን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኩ ልንገርዎት፤ እርስዎ በአራት ሰከንድ ነውና የሻሩት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ካርቡራቶሩ የሚያወርደው ቤንዚን ለሞተሩ ይበዛበታል። እሳት የሚጭረው ካንዴላ ይጠቁራል፣ ጭሱ የሚወጣበት ማርሚታ ጥላሸት ያስላል። ስለዚህ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ ቀዳዳ በጠበበች ቀየርኩ። ነድቼ መጣሁ፣ ካንዴላ ፈታሁ፣ አየሁ። ጥቁር። እንደገና አጠበብኩ። ጥቁር። በአምስተኛው ቀን ካንዴላው፣ ቡና ምጣድ ላይ ገና ቀላ ሲል የሚይዘውን መልክ ያዘ። ደስ ብሎኝ ካንዴላውን በጨርቅ ይዤ ሳሎን ገባሁ። ማንም አላጨበጨበም።

ከዚያ ሚዛን። እንዲህ የቀለለች መኪና ክብደቷ በአራቱም ጎማ ካልተመጣጠነ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች። ባለሙያዎቹ ለዚህ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን አላቸው። እኔ መንገድ ዳር ሰው የሚመዝኑትን ልጆች ጠራሁ። ስምንት ሚዛን ከነባለቤቶቹ። በእያንዳንዱ ጎማ ሥር ሁለት ሁለት፣ በላያቸው ጣውላ። እኔ መሪ ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ልጆቹ በአራቱ ማዕዘን ተንበርክከው ቁጥር ይጮሃሉ። የጎማውን ሞላ የሚያጠብቀውን ቀለበት ትንሽ ማዞር፣ እንደገና መጮህ። የፊት ቀኝና የፊት ግራው ልዩነት አራት ኪሎ ሲደርስ "በቃ" አልኩ። አራት ኪሎ ይዤ ወደ አራት ኪሎ ወጣሁ ማለት ነው።

በመጨረሻ ከፍታዋን ሁለት ሴንቲ ዝቅ አደረግኳት። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራስህ ነው ይሉ ይሆናል። ይበሉ። ከመሬት እስከ ኮፓዋ 9 ሴንቲ ተኩል ቀረ። እርስዎን ለክቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ጠዋት ሜትር ይዤ መጥቼ ለካሁዎት። 14።

ትናንት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። መንገዱ ባዶ ነው። ነዳጅ ሳልረግጥም ሚኒሞዋ አይዋዥቅ፣ አይንገዳገድ። አየሁዎት። ቀስ አልኩ። በሰያፍ መጣሁ፤ ዝቅ ያለ መኪና ያለው ሁሉ ብሬከር የሚወጣው በሰያፍ ነው፣ አንድ ጎማ በአንድ ጊዜ። የፊት ግራው ወጣ፣ ወረደ። የፊት ቀኙ ወጣ፣ ወረደ። እፎይ ልል ስል ከእግሬ ሥር ድምፅ መጣ። ብረት ምጣድ በድንጋይ ሲፋቅ የሚያወጣውን ዓይነት። ከዚያ ቆመች።

ነዳጅ ሰጠሁ። ወይ ፍንክች። አንደኛዋ የኋላ ጎማ አየር ላይ ሆና ትሽከረከራለች። ዲፈረንሻል ጠባዩ ነው፤ ኃይሉን ለሥራ ፈቷ ጎማ ሰጥቶ መሬት የያዘችውን ዝም ይላታል። የት መሥሪያ ቤት እንደለመደው እንጃ።

ከኋላዬ ሚኒባስ ክላክስ ያደርጋል። ወያላው አንገቱን አውጥቶ "ፒያሳ! አንድ ሰው! ፒያሳ!" ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

"ብራዘር፣ ቆመህ ነው ተቀምጠህ?"

መልስ አልነበረኝም። ሊስትሮው ብሩሹን እንደያዘ መጥቶ ጎንበስ አለ።

"ጋሼ፣ ባጃጇ ተንጠልጥላለች።"

"ባጃጅ አይደለችም።"

"እሺ ጋሼ። ባጃጇን እናንሳት?"

ቡና የምታፈላው ሴትዮ ረከቦቷን ትታ መጣች። ከሚኒባሱ ሰው ወረደ። ሸምገል ያሉ አንድ ሰው ዞር ዞር ብለው አይተዋት "ስንት ኪሎ ናት?" አሉኝ። "560" አልኩ፣ እንዲያውም ኮራ ብዬ። "ሰንጋ ናት በለኛ!" አሉና ኮታቸውን አወለቁ።

ቅለት፣ ቅለት ስል የከረምኩት ለዚህ ኖሯል። ስድስት ሰው አፍንጫዋን ያዘ። እኔ ባለ አራት ማሰሪያውን ቀበቶ ለመፍታት እየታገልኩ ነው። አልጠበቁኝም። "አንድ! ሁለት! ሦስት!" ከነነፍሴ ተነሳሁ። ሴትዮዋ እልል አለች። እውነቴን ነው፣ እልል አለች። እግሬ ወደ ሰማይ፣ ጀርባዬ ወደ መሬት ሆኜ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ አየሁት። ስልክ ያላወጣው የያዙኝ ስድስቱ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም እጃቸው ስላልተመቻቸው ነው።

ደግሞ ወደ ፊት ያሳልፉኛል ብዬ ነበር። ወደ ኋላ መለሱኝ። ከመጣሁበት ጎን ቁጭ። ያ ሁሉ እልልታ እርስዎን እንኳ ላላለፍኩት ሰው!

ትራፊኩ የደረሰው ይኼኔ ነው። መንጃ ፈቃዴን አየ። መኪናዋን አየ። እርስዎን አየ። "በስንት ነበር የምትበረው?" አለኝ።

ዘይቱ ከእርስዎ ትከሻ እስከ ቱቦው ድረስ ጥቁር መስመር ሠርቷል። ሊስትሮው ውሃ የሚይዝበትን ጣሳ ደፍቶ ከኮፓው ሥር አስቀመጠልኝ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። እስኪያልቅ አብሮኝ ተቀመጠ። ሥራ የፈታበትን ልክፈልህ ስለው "ተወው፣ አዝናንተኸናል" አለኝ።

የቆየ ቂም የለኝም ብል እዋሻለሁ። ማርሚታዬን ሁለት ጊዜ አውልቀዋል። የቦሎ ምርመራ ላይ "የቦዲ ዓይነት" የሚለው ቦታ ሲደርስ መርማሪው እስክሪብቶውን ነክሶ ቆይቶ "ልዩ ልዩ" ብሎ መጻፉን ግን በእርስዎ አላሳብብም። የነዳጅ ሰልፉንም እንደዚያው። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያየኝ ሁሉ "ኤሌክትሪክ አትገዛም?" ይለኛል። ኤሌክትሪኳስ ሆድ የላትም?

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። እርስዎ የተሠሩት ለምን ነበር? ከላይ ትምህርት ቤት አለ፤ ሕፃናት ይሻገራሉ። ለእነሱ ከሆነ ኮፓዬም ማርሚታዬም ይሂድ፣ ከልቤ ነው። ግን ቀለም የለህም። ምልክት የለህም። አንድ ሌሊት ተደፍተህ አደርክ፣ በቃ። ሚኒባሱ ዘሎህ ያልፋል። ገልባጩ መኖርህንም አያውቅ። ልጆቹ ዛሬም እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ሮጠው ነው የሚሻገሩት። ባለፈው ክረምት፣ መብራት የጠፋ ማታ፣ ምግብ የሚያደርስ ሞተረኛ ልጅ አላየህም። ክንዱን ሰበርከው። ሐኪም ቤት ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ መንገዱን ሙሉ የሚያስበው ስለ ክንዱ ሳይሆን ስለፈሰሰው ምግብ ነበር፣ ከደሞዙ እንዳይቆረጥ። በማግስቱ ሰፈሩ ብር አዋጥቶ ኖራ ቀባህ። ኖራ! አንድ ዝናብ አልቻለም። ቀለም ቀቡት ብዬ ያልጠየቅኩት በር የለም። "የእኛ አይደለም" ያላለኝም የለም። የማን ነህ አንተ? በሰው መንገድ ላይ ተጋድመህ ባለቤት የለህም?

ይቅርታ ክቡርነትዎ። አንቱታው አመለጠኝ።

ኮፓው አሁን በያጅ ጋ ነው። መጀመሪያ ሦስት ሴንቲ ቆርጦ ያሳጠረልኝም እሱ ነው። ሥሩ ላይ ወፍራም ላሜራ ልደርብበት ይላል፤ ሁለት ኪሎ ይጨምራል። ሁለት ኪሎ! ሚዛኑ በሙሉ ሊናጋ ነው። ባለ ሚዛኖቹን ልጆች ደውዬ ነበር። ቪዲዮውን አይተዋል። ዋጋ ጨምረዋል።

እስከ ቅዳሜ ትደርሳለች ብሎኛል። በዚያው ሰዓት እመጣለሁ፤ ሁለት ጣውላ ከፊትዎ፣ ሁለት ከኋላዎ አነጥፋለሁ። እስከዚያው እንደተጋደሙ ይቆዩኝ።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ቀይዋ

ግልባጭ፦
ለቡና አፍዪዋ፣ እልልታው በዚህኛው ዙር ካለፍኩ በኋላ ይሁን
ለሊስትሮዎቹ፣ ነጭ ቀለሙ ከእኔ፣ ብሩሹ ከእናንተ